አምስተኛውና ስድስተኛው ቡሎን

ማክሰኞ ዕለት «ኡስታ» የሚባለው ዋና መካኒክ ማምበት ላይ መኪና ወደቀበትና ሞተ፤ ጥፋተኛዋም ልጁ ናት ተባለ። ሳጅን ዶሎት እዚህ ድምዳሜ ላይ ለመድረስ የፈጀበት ጊዜ አንድ እፍኝ ሱፍ ከሚፈለፈልበት አይበልጥም። ሱፉን የፈለፈለውም እዚያው፣ ከሬሳው ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሞ ነው።

ረቡዕ ጠዋት መርማሪ ቡሩል ከካራኮል ከተማ ወደ ሐይቁ ዳር ከተማ ወደ ባሊክቺ የተጠራችው ለፊርማ ብቻ ነበር። «በቸልተኝነት ሰው መግደል» የሚል ክስ የመርማሪ ፊርማ ካላረፈበት ወደ ዐቃቤ ሕግ አይሄድም። ቡሩል የአርባ ስድስት ዓመት ሴት ናት። አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበር ግማሽ ልጅነቷን ያሳለፈችው ከመኪና ሥር ተጋድማ ባትሪ እያበራችለት ነው። ሰው ሲያወራላት ዐይኗን ጨፈን ታደርጋለች። የማያውቋት ትዕግሥት ይመስላቸዋል።

«እዚህ ጋ ብቻ ነው፣ ሻምበል» አለ ዶሎት ወረቀቱን ዘርግቶ። «ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ መዝገቡ ይላካል። ልጅቷም አብራ ትሄዳለች። ነገ ለኖሩዝ በዓል ሁላችንም ነጻ እንሆናለን።»

«ከልጅቷ በቀር።»

«አዎ፣ ከልጅቷ በቀር።»

«ሬሳውን ማን አወጣው?»

«እኔና ሻርሼን። ጎረቤት መካኒክ ነው። በእሱ ክሪክ መኪናውን አነሳንና ጎትተን አወጣነው።»

«መኪናውን የጣለው ክሪክስ?»

«እንደወደቀ ነው። አልነካነውም፤ ማስረጃ ነው» አለ ደረቱን ነፍቶ።

«ሱፉም ማስረጃ ነው?»

ዶሎት ወለሉን አየና ወረቀቱን አጠፈ።

ከባቡር ጣቢያው ጀርባ የተደረደሩት ጋራዦች የብረት በሮች አሏቸው፤ የሐይቁ ነፋስ በመጣ ቁጥር ሁሉም ይጮኻሉ። በማምበት ጋራዥ ውስጥ ቀይ የጀርመን መኪና በሻርሼን ክሪክ ላይ ፊቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ቆሟል። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው። በየክረምቱ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ሆዱን በልቶታል፤ በመዶሻ መታ ሲደረግ ዝገቱ እንደ ፉርሽካ ይረግፋል። ከበሩ አጠገብ፣ በተገለበጠ ባልዲ ላይ የተቀመጠችው የማምበት ልጅ ሳይካል ናት። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እጇ ከትናንት ጀምሮ አልታጠበም።

«ጎማውን አስገብቼ ነበር» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«የትኛውን ጎማ?»

«የወለቀውን። ክሪክ አይታመንም፣ ቡሩል ኤጄ» አለች፣ ታላቅ እህትን እንደሚጠሩት። « መኪና ካነሳሁ በኋላ የወለቀውን ጎማ አጋድሜ ከመኪናው በር ሥር አስገባለሁ። ክሪኩ ቢከዳ እንኳ መኪናው ጎማው ላይ ያርፋል እንጂ ሰው ላይ አይወድቅም። ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ እንዲህ ነው የማደርገው።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም አስገብቻለሁ።» ሳይካል እጇን ገልብጣ አየችው። «ግን ስመለስ ጎማው ግድግዳው ጋ ተደግፎ ነው ያገኘሁት። ሰው ሁሉ ‹ረስተሽ ነው› ይለኛል። አሁን እኔም አላውቅም። እጄ አስገብቻለሁ ይላል፤ ጭንቅላቴ አያስታውስም። ማሰራቸውን ተዪው። ረስቼው ከሆነ ግን እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ቡሩል አላጽናናቻትም። ማጽናናት ሥራዋ አይደለም፤ ደግሞም ለማጽናናት ገና ምክንያት አላገኘችም።

«ከጠዋት ጀምረሽ ንገሪኝ።»

«ስምንት ቡሎን ነበር የምንፈታው። ስድስቱ የፊት እግሮቹን የያዙ ናቸው። ሁለቱ፣ አምስተኛውና ስድስተኛው፣ ከራዲያተሩ ሥር ያለችውን አግዳሚ ብረት ብቻ ነው የሚይዙት። አራቱን አብረን ፈታን። ሁሉም በዝገት ተጣብቀው፣ ነክሰው ነበር። ከዚያ አራት ሰዓት ላይ የፍሬን ቱቦ ልፈልግ ገበያ ሄድኩ፤ ስድስት ሰዓት ላይ ስመለስ...»

«ስትመለሺ ያየሽውን አውቃለሁ። የነከሰ ቡሎን እንዴት ነበር የሚፈታው፣ አባትሽ?»

ሳይካል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «በጉልበት አይፈታም ነበር። በጋዝ ነበልባል ያግለዋል፣ ከዚያ ሻማ ያስነካዋል። ሰሙ ቀልጦ ጥርሱ መሃል ይገባል። እስኪበርድ አንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ ይጠጣል። ተመልሶ መጀመሪያ ትንሽ ያጠብቀዋል፤ ዝገቱ ቀጭ ሲል ያኔ ይፈታዋል። የፈታውን በዚያ የእንቁላል ካርቶን ላይ በተራ ያስቀምጠዋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በጭራሽ አያደባልቅም።»

«ለየአንዳንዱ ቡሎን አንድ ማንቆርቆሪያ?»

«ለየአንዳንዱ።»

«ታዲያ ሰውየው ሻይ ጠጪ ነበር ወይስ መካኒክ?» አለ ዶሎትና ሳቀ። ሌላ የሳቀ አልነበረም።

ቡሩል ካፖርቷን አውልቃ ዶሎት ክንድ ላይ ጣለችው፤ እሱም ምን እንደሚያደርግበት ሳያውቅ ተሸክሞት ቆመ። ከመኪናው ሥር ገባች።

«ያንን ረጅም ቁልፍ ታያለሽ?» አለ ዶሎት ጎንበስ ብሎ። «ሰባተኛው ቡሎን ላይ ነው። ጉልበት እንዲጨምርለት ቱቦ ሰክቶበት ሲጎትት፣ መኪናው ተነቃንቆ ከክሪኩ ሸሸ። አበቃ።»

ቡሩል በባትሪዋ አበራች። ቁልፉ ከነቱቦው ሰባተኛው ቡሎን ላይ ተንጠልጥሏል። በቡሎኑ ዙሪያ ነጭ ሰም ረግቷል፤ በጥፍሯ ነካ አደረገችው። ድፍን ነው፣ አንድም ስንጥቅ የለበትም። ፎቶ አነሳችው። ከዚያ ባትሪዋን ወደ ፊት መለሰች። የአግዳሚዋ ብረት ሁለቱ ቡሎኖች ወልቀዋል፤ ብረቷ በጎማ መያዣዎቿ ብቻ ተንጠልጥላለች። ሌላው የመኪናው ሆድ ቀይ ዝገት ሲሆን እሷ ግን ጥቁር ቀለም ተቀብታለች። ቡሩል በቁልፏ ጫፍ ጫር አደረገቻት። ከጥቁሩ ሥር ሰማያዊ ወጣ።

ከሥር ስትወጣ ክሪኩን አየችው። በጎኑ ተጋድሟል፤ አንገቱ ግን እስከ መጨረሻው ሆዱ ውስጥ ገብቷል። ቀጥላ ወለሉን አየች። ከመኪናው ሥር ሲሚንቶው ሁሉ በዝገት ብናኝ ቀልቷል፤ ከግራ በር ሥር ብቻ አንድ ትልቅ ክብ ንጹሕ ቦታ አለ። በንጹሑ ቦታ ላይ የሱፍ ቅርፊት ተበትኗል። ግድግዳው ጋ ወደ ተደገፈው ጎማ ሄዳ ጎኑን በመዳፏ ጠረገችው። መዳፏ ቀላ። የማይታየውን ጎኑን ገልብጣ ጠረገችው። ንጹሕ ነው።

«ሳጅን፣ ይህን ታያለህ?»

«አቧራ ነው።»

«አዎ» አለች ቡሩል። «ለአንተ አቧራ ነው።»

ያን ጊዜ የሰፈሩ ቡናማ ውሻ በበሩ ሾልኮ ገባና በቀጥታ ወደ ሥራ ጠረጴዛው ሄደ፤ የፊት እግሩን ሰቅሎ የእንቁላል ካርቶኑን ይልስ ጀመር። ዶሎት ሊረግጠው እግሩን አነሳ።

«ተወው! ካንተ የተሻለ እየሠራ ነው።»

ቡሩል ካርቶኑን ከውሻው ቀድማ ወሰደችው። ከአንድ እስከ አራት ባሉት ጉድጓዶች ውስጥ የተበሉ፣ የዛጉ አራት ቡሎኖች ተቀምጠዋል። አምስትና ስድስት ባዶ ናቸው፤ ወረቀታቸው ግን ርሷል፤ ጠርዙ ላይ ነጭ ነገር ረግቶበታል። የማሽን ዘይት እንዲህ ነጭ ሆኖ አይረጋም። ቡሩል አሸተተችው፤ አፍንጫዋንም አላሸሸችም።

«ሁለት ቡሎን የት ሄደ?»

«ቡሎን ማን ይቆጥራል፣ ሻምበል?»

«ማምበት ይቆጥር ነበር።»

ከካርቶኑ አጠገብ ሁለት የሻይ ጣሳዎች አሉ። አንደኛው ባዶ ነው። ሁለተኛው እስከ አፉ ተሞልቶ፣ ማንም ሳይቀምሰው የወተቱ ስብ ላዩ ላይ ረግቷል። ሳይካል ስታየው ፊቷ ተለወጠ።

«አባቴ እንዲህ አይቀዳም። ለእንግዳ ትንሽ ትንሽ ነው የሚቀዳው፤ ደጋግሞ ሊቀዳለት። እስከ አፉ የሚሞላው የጠላው ሰው ሲመጣ ነው። ‹ጠጣና ውጣልኝ› ማለቱ ነው።»

«ስንት ሰው እንዲህ ሲቀዳለት አይተሻል?»

ሳይካል አሰበች። «በሕይወቴ? አንድም።»

የመኪናው ባለቤት ታባልዲ የጥርስ ሐኪም ነው፤ በጸጉር ቆብና በተወለወለ ጫማ ውጭ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ቡሩልን እንዳየ ሮጥ ብሎ መጣ።

«መኪናዬ መቼ ይለቀቅልኛል?»

«ነፍስ ይማር ማለት ይቀድም ነበር።»

«ነፍስ ይማር። መቼ ይለቀቅልኛል? ለበዓሉ ገዢ ከካራኮል ይመጣል። ሆዱ ይታይልኝ ብዬ ነው ያመጣሁት እንጂ ምንም አልጎደለውም። ንጹሕ መኪና ነው! ከገዛሁት ጀምሮ ከሥሩ አንድ ቡሎን አልተነካም። ለሚስቴ እንኳ መሪ አላስያዝኳትም።»

«ትናንት ረፋድ ላይ የት ነበሩ?»

«የሕዝብ መታጠቢያ ቤት፣ በእንፋሎቱ። ከሦስት ሰዓት እስከ ሰባት። የግብር ቢሮው ኃላፊ፣ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር...»

«ይበቃል፣ ሁሉንም ራቁታቸውን ማሰብ አልፈልግም። ክረምቱን መኪናው የት ነበር?»

«ቆሞ ነበር። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ቢሽኬክ ልጄ ጋ ነበርኩ። ሻርሼን ጋራዥ አስቀምጬ ሄድኩ፤ ቁልፉን ትቼለት፣ ባትሪው እንዳይሞት በሳምንት አንዴ ሞተሩን ያስነሳልኝ ነበር። ግን አልተነዳም! ለገዢው እንዳትነግሪው፤ ‹ሌላ እጅ ነክቶታል› ይለኛል።»

«አልነግረውም» አለች ቡሩል። «ጋዜጣ ላይ ያነበዋል።»

የሻርሼን ጋራዥ ከማምበት ሦስት በር አልፎ ነው። ነፋሱ ሲመጣ የረድፉ በሮች ሁሉ ጮኹ፤ የእሱ ብቻ ድምፅ አላሰማም። ቡሩል በሩን ገፋችው፤ እንደ መጋረጃ ተከፈተላት። ማጠፊያውን በጣቷ ነካች፤ ጣቷ ላይ ነጭ ስብ ቀረ።

ሻርሼን ስድሳ የሚጠጋው፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። ላግማን የሚባለውን የፓስታ ሾርባ እየበላ ነበር፤ አልተነሣላትም።

«ነይ እህቴ፣ ግቢ። ጥሩ ጊዜ አይደለም እንጂ ጥሩ ምሳ ነው።»

«በሩ አይጮኽም፣ ሻርሼን ባይኬ» አለች፣ ታላቅ ወንድምን በአክብሮት እንደሚጠሩት።

«ላት ነው። የበግ ላት! አባቴ ለጋሪው፣ እኔ ለሁሉም ነገር። ለጫማ ቢሉ ለበር ቢሉ፣ ከሱቅ ከሚሸጠው ቅባት ይበልጣል። ማምበት ይስቅብኝ ነበር። ‹ያንተ ጋራዥ ሁልጊዜ በዓል በዓል ይሸታል› ይለኝ ነበር።»

«ትናንት አይተኸው ነበር?»

«ከጠዋት ጀምሮ ከዚህች ወንበር አልተነሣሁም። አምስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ጓ! ሲል ሰማሁ፤ ነፋስ መስሎኝ ዝም አልኩ። ከዚያ የልጅቷ ጩኸት። ሮጥኩ።» ራሱን ነቀነቀ። «አልፈርድባትም። ሴት ልጅን ከመኪና ሥር ማስገባት ራሱ ስሕተት ነው። ደግሞ የእሱ ቅንጦት! ሻማ፣ ሻይ፣ ሻማ፣ ሻይ። ቡሎን ነው ወይስ ሙሽራ? እኔ አግዬ በመዶሻ ነው የምለው። ከተሰበረ ተሰበረ፤ ሌላ እገጥማለሁ።»

«ሌላውን ከየት ታመጣለህ?»

ሻርሼን በኩራት በማንኪያው ግድግዳውን አሳየ። መደርደሪያው ላይ ወደ አርባ የሚሆኑ የመስታወት ማሰሮዎች በመጠን በመጠን ተደርድረዋል፤ ሁሉም ቡሎን የሞላባቸው፣ ላያቸው ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው። «ሠላሳ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ጥርሱ ደህና የሆነ ቡሎን አንድም ቀን ጥዬ አላውቅም። ከወታደር መኪና፣ ከትራክተር፣ ከአውቶቡስ። የዛሬ ልጆች ይጥላሉ። እኔ ሌሊት ተነሥቼም ቢሆን ቦታው ላይ እመልሰዋለሁ።»

«ያስታውቃል» አለች ቡሩል። ማሰሮዎቹን ከግራ ወደ ቀኝ እያየች ትንሽ ቆየችና ወጣች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም በማምበት ጋራዥ ሰበሰበቻቸው። ሳይካል ባልዲዋ ላይ ተቀመጠች። ሻርሼን እጁን አጣምሮ ግድግዳው ጋ ቆመ። ታባልዲ ካፖርቱ የሚቆሽሽ መስሎት ምንም ሳይነካ መሃል ላይ ቆመ። ዶሎት ወረቀቱን ይዟል።

«አንድ ሰዓት ቀርቶናል፣ ሻምበል።»

«ለአንተ ዓመትም አይበቃህም፤ ስለዚህ እኔ ልናገር» አለች ቡሩል። «ከጎማው ልጀምር። ማክሰኞ ጠዋት የመኪናው ሆድ እዚህ ሁለት ሰዓት ሙሉ በመዶሻ ተመትቷል፤ ወለሉ ሁሉ ዝገት ለብሷል። ከዚህ ክብ በቀር። ዝገት ሲዘንብ እዚህ ክብ ላይ አንድ ነገር ተኝቶ ነበር። ስፋቱን ጎማው ላይ ለካሁት፤ ልክ ነው። የጎማው አንድ ጎን ዝገት ለብሷል፣ ሌላው ጎኑ ንጹሕ ነው። ተጋድሞ ሲሠራበት ቆይቶ፣ በኋላ ሰው አውጥቶ ግድግዳ አስደገፈው። ሱፍህ ንጹሑ ሲሚንቶ ላይ ነው ያለው ሳጅን፤ አንተ ስትደርስ ጎማው ወጥቶ ነበር ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕግ ጠቀምክ።»

ሳይካል ከባልዲው ተነሣች።

«ሁለተኛ፣ ክሪኩ። መኪና ከክሪክ ሸሽቶ ከወደቀ፣ ክሪኩ አንገቱ እንደተዘረጋ ነው የሚወድቀው። ይህ አንገቱ ሙሉ በሙሉ ገብቷል። መኪናው አልሸሸም፤ ሰው የክሪኩን መልቀቂያ ከፍቶ አወረደው፣ ከዚያ በጎኑ ወረወረው። ማምበት ደግሞ ከሥር ተኝቶ ክሪክ መክፈት አይችልም።»

«ታዲያ ቁልፉስ? ሲጎትት ነበር እኮ!» አለ ዶሎት።

«ማንም አልጎተተም። ሰሙን አየሁት፤ ድፍን ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ቢሳብ ይሰነጠቅ ነበር። ማምበት ሰባተኛውን አግሎ፣ ሰም አስነክቶ፣ እንዲበርድ ትቶት ሻይ ሊጠጣ ሄዷል። ቁልፉንና ቱቦውን የሰካው ሌላ ሰው ነው፤ ‹አንድ መካኒክ ሲሞት ቡሎን እየጎተተ ይሙት› ብሎ ያሰበ። እሱ ራሱ ቡሎን የሚፈታው በጉልበት ስለሆነ።»

ነፋሱ በሩን አስጮኸው።

«ማምበት ያን ሻይ ብቻውን አልጠጣም። እንግዳ ጠርቶ ነበር። ጠርቶም እስከ አፉ ቀዳለት። ለምን? የመጀመሪያዎቹን አራት ቡሎኖች እዩ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የነከሱ ናቸው። ሐኪሙ ‹ከሥሩ አንድ ቡሎን አልተነካም› ይላል።»

«አልተነካም!» አለ ታባልዲ።

«ዝም ይበሉ። አምስተኛውና ስድስተኛው ግን እንደ ቅቤ ወጡ። በዛገ መኪና ውስጥ የነከሰ ቡሎን አያስገርምም፤ የሚያስገርመው በእጅ የሚወጣው ነው። ማምበት ሲያወጣቸው ቅባት ነበረባቸው፤ ካርቶኑም ጠጥቶታል፤ ውሻውም ያውቀዋል። የበግ ላት ነው። አግዳሚዋ ብረትም የዚህ ቀይ መኪና አይደለችም፤ ከጥቁሩ ቀለም ሥር ሰማያዊ ናት። ሰው ከሌላ መኪና አምጥቶ ገጠማት። የመጀመሪያዋ የት ሄደች? ተጣማ ነበር። በምን ተጣመመች?» ቡሩል ወደ ዶሎት ዞረች። «በጥር ወር፣ በሐይቁ መንገድ ላይ፣ በጢስ የደረቀ ዓሣ የምትሸጠዋን ዙራን አንድ መኪና ገጭቶ ገድሏት አምልጧል። መዝገቡን አራት መስመር ጽፈህ ልከህልኝ ነበር። ምን ይላል?»

ዶሎት በቃሉ አነበነበው። «‹ቀይ ቀለም ተገኝቷል። መኪናው አልታወቀም።›»

«በጥር መኪናው እኔ ጋ አልነበረም!» ታባልዲ ጮኸ። «ቁልፉ ሻርሼን ጋ...»

ቃሉን ሳይጨርስ ሁሉም ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ሻርሼን እጁን ፈታ። «ላት በየቤቱ አለ፣ እህቴ። በላት ሰው ይታሰራል እንዴ?»

«አይታሰርም። ለዚህ ነው ቡሎኖቹን ከካርቶኑ ላይ የወሰድካቸው፤ ማምበት ላትህን ብቻ ሳይሆን ቡሎንህንም ለይቶት ነበር። ሐይቁ እዚህ ጋ ነው። ሁለት መቶ እርምጃ ሄደህ ብትወረውራቸው ኖሮ በአንተ ላይ ያለኝ የውሻ ምስክርነት ብቻ ነበር።» ወደ ዶሎት ዞረች። «የአግዳሚዋ ቡሎን መጠን አሥራ አራት ነው፤ ሂድና አሥራ አራት ቁጥር የተጻፈበትን ማሰሮ አምጣልኝ። አትክፈተው።»

ዶሎት ሮጠ። ማሰሮውን ሲያመጣ የሻርሼን ፊት እንደ ግድግዳው ሆነ። ቡሩል ቡሎኖቹን ነጭ ጨርቅ ላይ ገለበጠቻቸው። ስልሳ ያህል ናቸው፤ ሁሉም ደረቅ፣ አቧራ የለበሱ። ሁለቱ ያብረቀርቃሉ። በሁለቱ ጥርስ መሃል በነጩ ላት ላይ ግራጫ የወረቀት ጭረት ተጣብቋል፤ የእንቁላል ካርቶኑ ወረቀት።

«ሰው መግደል ቻልክ» አለች ቡሩል። «ሁለት ቡሎን መጣል ግን አልቻልክም። ሠላሳ አምስት ዓመት ጥለህ አታውቅማ።»

ሻርሼን ቡሎኖቹን እንጂ ሰው አላየም። «ሴትየዋ መንገድ መሃል ነበረች» አለ በመጨረሻ። «ጨለማ ነው። ትንሽ ጠጥቼ ነበር። ሞታለች፤ ማን ያስነሣታል?»

«ማምበትስ?»

«ማምበት!» ድምፁ ከፍ አለ። «አርባ ዓመት ጎረቤቴ ነው። ጠራኝ፤ ሁለቱን ቡሎን ፊቴ አስቀመጠ። ‹ይህን ሻይ ጠጥተህ ራስህ ወደ ፖሊስ ሂድ፤ አለዚያ እኔ እሄዳለሁ› አለኝ። እስከ አፉ ቀድቶ! ለእኔ! ለማኝ ይመስል። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ አግዳሚዋን ሊያወርድ ከሥር ገባ። ጀርባውን ሰጠኝ እኮ!»

«ጎማው ነበረ?» አለች ሳይካል። ከጠዋት ጀምሮ የተናገረችው የመጀመሪያ ጠንካራ ቃል ይህ ነው። «ሻርሼን፣ አስገብቼው ነበር?»

ባይኬ አላለችውም። እሱም ልዩነቱን ሰማ።

«ነበረ» አለ። «ጠብቆ ነበር። ለማውጣት መኪናውን እንደገና ማንሣት ነበረብኝ። አባትሽ ‹ምን ታደርጋለህ› አለኝ ከሥር ሆኖ። ‹ላግዝህ ነው› አልኩት።»

ዶሎት ካቴናውን ሲያስገባለት ሁለት ጊዜ ቁልፉን ጣለው። ታባልዲ «እንግዲህ መኪናው አሁን...» ሊል ሲል ቡሩል አየችው፤ ተወው።

ሳጅኑ ወረቀቱን ቀድዶ ሌላ ጻፈ። ፈገግ ለማለት እየሞከረ ወደ ሳይካል ዘረጋላት። «ክሱ ተነሥቷል። እንዳልተቀየምሽ እዚህ ጋ ፈርሚልኝ። እኛም ሥራችንን ነው የሠራነው፣ እህቴ።»

ሳይካል ወረቀቱን አላየችውም። ግድግዳው ጋ የተደገፈውን ጎማ አንከባልላ አመጣች፤ አጋድማ ከመኪናው በር ሥር፣ ንጹሑ ክብ ላይ አስገባችው። በእግሯ ገፋ አድርጋ መጥበቁን አረጋገጠች። ከዚያ ወደ ቡሩል አየች።

«ሁሉም ፎቶ ተነሥቷል፤ ንኪው» አለች ቡሩል።

ሳይካል ከመኪናው ሥር ገባች። ቱቦውን ነቅላ ወረወረችው፤ ሲሚንቶው ላይ ሲንከባለል ዶሎት እግሩን አነሣ። ቁልፉን ይዛ መጀመሪያ ትንሽ አጠበቀች። ቀጭ አለ። ሰሙ ተሰነጠቀ። ከዚያ በአንድ እጅ፣ ያለ ችኮላ ፈታችው።

ከሥር ስትወጣ ቡሩል የእንቁላል ካርቶኑን ዘርግታ ያዘችላት። ሳይካል ቡሎኑን ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ አስቀመጠች።

«ስምንተኛውን ራሳችሁ ፍቱት» አለች።

ሳጅኑን ወረቀቱ በእጁ እንዳለ፣ ሐኪሙን ከነቆቡ፣ ሻርሼንን ከነካቴናው ትታ ወጣች። በሩን ከኋላዋ ሳበችው፤ እንደ ሁልጊዜው ጮኸ፣ ከዚያ ተዘጋ።